የደም ጠቋሚዎችና የመድማት ስጋት በኤትሪያል ፊብሪሌሽን

የመድማት ስጋት ጠቋሚዎች ማለት ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ደም የመፍሰስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት በደም ናሙና ላይ የሚለኩ ነገሮች ናቸው። ለረጅም ጊዜ የታወቁት አይ ኤን አር፣ ሄሞግሎቢን፣ ክሬአቲኒንና የፕሌትሌት ቁጥር ሲሆኑ፣ ትሮፖኒንና ጂ ዲ ኤፍ 15 ደግሞ ለዚህ ዓላማ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተጨመሩ ናቸው። ጠቋሚዎቹ በይበልጥ የሚያስፈልጉት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ላለባቸው ሰዎች ነው። እነዚህ ሕሙማን በሁለት አደጋ መካከል ይኖራሉ፦ መድኃኒቱን ካልወሰዱ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣባቸው ይችላል፤ ሲወስዱ ደግሞ በሌላ ሰው ላይ በቀላሉ የሚቆም ደም በእነርሱ ላይ አልቆም ሊል ይችላል።

የጠቋሚዎቹ ዋና ጥቅም መድኃኒቱን ማስቆም ሳይሆን ሊስተካከል የሚችለውን የመድማት ምክንያት ቀድሞ ማግኘት ነው። በኢትዮጵያ፣ በተለይም እንደ ሰሜን ሸዋ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች፣ ቁጥሮቹን ለማንበብ የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ የልቡን በሽታ ዓይነት፣ አመጋገቡንና የሚኖርበትን ከፍታ ጭምር ማወቅ ያስፈልጋል።

በሽታው

ልብ አራት ክፍሎች አሉት፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ኤትሪየም፣ ከታች ያሉት ሁለቱ ቬንትሪክል ይባላሉ። በጤናማ ሰው የልብ ምት የሚነሣው በቀኙ ኤትሪየም ግድግዳ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ስፍራ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ክፍሎቹን በየተራ ያኮማትራል። በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ ግን ምልክቱ ያለ ሥርዓት ከብዙ ቦታ ይነሣል። ኤትሪየሞቹ በአንድነት መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ፤ የእጅ የደም ሥር ሲዳሰስም ምቱ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ቅደም ተከተል ያጣል። አንዳንድ ሰው ልቡ ሲርገበገብ ይሰማዋል፤ ሌላው ምንም ሳይሰማው በኤሌክትሮካርዲዮግራም ምርመራ ብቻ ይታወቅበታል።

በደንብ የማይኮማተር ክፍል ደሙን ጠርጎ አያስወጣም። በተለይ ከግራው ኤትሪየም ጎን ባለችው ጠባብ ኪስ ውስጥ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል። የረጋው ደም ተላቆ የአንጎልን የደም ቧንቧ ሲዘጋ ስትሮክ ይፈጠራል። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው ጥናት በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸው ሰዎች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከ5 እጥፍ በላይ፣ ከሩማቲክ የልብ በሽታ ጋር ሲሆን ደግሞ ከ17 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች

"ደም ማቅጠኛ" የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም መድኃኒቱ ደሙን እንደ ውኃ አያቀጥነውም፤ የሚያደርገው ደም እንዳይረጋ ማዘግየት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በራሱ የደም ማነስ አያመጣም። ደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይ የደም ማነስ ከታየ ደም የሚፈስበት ቦታ ወይም ሌላ ምክንያት መኖር አለበት፤ ምክንያቱም ሊፈለግ ይገባል።

ከሁሉም የቆየው ዋርፋሪን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ስዊት ክሎቨር የተባለ መኖ የበሉ ከብቶች እየደሙ በመሞታቸው ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ፖል ሊንክ የምርምር ቡድን የመድማቱን መንስኤ ከመኖው ለይቶ አወጣ፤ ከዚያም ዋርፋሪን ተሠራ። በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ መርዝነት ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። ዋርፋሪን የሚሠራው ጉበት አንዳንድ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖችን ለማዘጋጀት የሚጠቀምበትን ቫይታሚን ኬ ሥራ በማደናቀፍ ነው። በኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚመጣውን ስትሮክ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትላልቅ ጥናቶች የተፈተኑት ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ኤዶክሳባን አዲሶቹ ደም ማቅጠኞች ይባላሉ። ከዋርፋሪን ጋር ሲነጻጸሩ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈጠረውን መድማት በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ፤ የዘወትር የአይ ኤን አር ክትትልም አይጠይቁም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ይሁን እንጂ በሩማቲክ በሽታ ምክንያት የልባቸው ሚትራል በር ለጠበበ ሕሙማን ዋርፋሪን አሁንም ተመራጭ ነው። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት፣ ዋርፋሪንን ከመሰሉት የቫይታሚን ኬ ተቃራኒ መድኃኒቶች ይልቅ ሪቫሮክሳባን በተሰጣቸው ሰዎች ላይ ሞትና ስትሮክን ጨምሮ የልብና የደም ሥር ጉዳት በዝቶ እንደታየ አሳይቷል፤ የመድማት መጠኑም በቫይታሚን ኬ ተቃራኒዎቹ ብልጫ አላሳየም።

ዋና ዋናዎቹ ጠቋሚዎች

አይ ኤን አር

አይ ኤን አር ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር ነው። መሠረቱ አርማንድ ኩዊክ በ1935 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የደም መርጋት ጊዜ ምርመራ ነው። በምርመራው ለደሙ የሚጨመረው ኬሚካል ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የአንዱ ላቦራቶሪ ውጤት ከሌላው ጋር አይገጥምም ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ1983 እ.ኤ.አ. ልዩነቱን የሚያስተካክል ስሌት አወጣ። የሕመምተኛው ደም የረጋበት ሰከንድ ለጤናማ ሰዎች አማካይ ይካፈላል፤ ውጤቱም በኬሚካሉ የትብነት ቁጥር ልክ በኃይል ከፍ ይደረጋል። ለምሳሌ የሕመምተኛው ደም በ26 ሰከንድ፣ የጤናማ ሰዎች ደም በ13 ሰከንድ ቢረጋ ድርሻው 2 ነው። የኬሚካሉ የትብነት ቁጥር 1.0 ከሆነ አይ ኤን አሩ 2.0 ይሆናል፤ 1.4 ከሆነ ግን 2.6 ይሆናል። ላቦራቶሪው ኬሚካሉን ሲቀይር ይህን ቁጥር ካልቀየረ ሕመምተኛው ላይ ምንም ሳይለወጥ ውጤቱ ይለወጣል።

ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚፈለገው አይ ኤን አር ከ2.0 እስከ 3.0 ነው፤ ሰው ሠራሽ የብረት ሚትራል በር ለተተከለለት ሰው ከዚህ ከፍ ይላል። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው አይ ኤን አር ከ2.0 ወደ 1.7 ሲወርድ የስትሮክ ዕድል እጥፍ ይሆናል፤ ወደ 1.5 ሲወርድ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። በሌላ በኩል ከ4 በላይ ሲወጣ በአንጎል ውስጥ የመድማት ዕድል በፍጥነት ያድጋል።

አንድ ጊዜ የተለካ አይ ኤን አር የዚያን ቀን ሁኔታ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሚታከምበት ጊዜ ውስጥ ስንት በመቶው አይ ኤን አሩ በሚፈለገው ክልል እንደነበረ ይሰላል። 65 ወይም 70 በመቶና ከዚያ በላይ ጥሩ ቁጥጥር ይባላል። ከፍና ዝቅ የሚል አይ ኤን አር በራሱ የመድማት ጠቋሚ ነው።

አይ ኤን አር የማይናገራቸው ነገሮችም አሉ። እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ መድኃኒቶች ፕሌትሌትንና የጨጓራን ሽፋን በመጉዳት መድማትን ያባብሳሉ፤ አይ ኤን አሩ ግን 2.5 ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። አዲሶቹን ደም ማቅጠኞች የሚወስድ ሰው አይ ኤን አሩ ጤናማ ቢሆንም መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ የለም ማለት አይደለም።

ሄሞግሎቢን

ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ነው። ለአዋቂ ወንድ በዴሲ ሊትር ከ13 ግራም፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል። ዝቅ ያለ ሄሞግሎቢን ስለ መድማት የሚነግረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሳይታወቅ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት እየፈሰሰ ያለ ደም መኖሩን ሊጠቁም ይችላል። ሁለተኛ፣ ደሙ አስቀድሞ ያነሰ ሰው አዲስ መድማት ሲደርስበት የመቋቋም አቅሙ ትንሽ ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ጥናቶች በሚሠራበት ትርጉም መሠረት ሄሞግሎቢንን በ2 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ያወረደ መድማት ከባድ መድማት ይባላል። ይህን ለማወቅ የቀድሞው ቁጥር ተመዝግቦ መገኘት አለበት።

ክሬአቲኒን

ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚወጣና በኩላሊት የሚጣራ ውጋጅ ነው። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። የኩላሊት ድካም ፕሌትሌት በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ዳቢጋትራንን የመሰሉ በኩላሊት የሚወጡ መድኃኒቶችም በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀሙ ምክንያት ይሆናል።

ክሬአቲኒን በቀጭን ሰው ላይ ሊያሳስት ይችላል፤ ጡንቻው ትንሽ የሆነ ሰው ኩላሊቱ ቢደክምም ቁጥሩ ጤናማ ሊመስል ይችላልና። የ70 ዓመት ዕድሜና 45 ኪሎ ክብደት ያላት ሴት ክሬአቲኒኗ በዴሲ ሊትር 1.0 ሚሊ ግራም ቢሆን በወረቀት ላይ ጤናማ ይመስላል። ዕድሜን፣ ክብደትንና ጾታን በሚያስገባው በኮክክሮፍትና ጎልት ስሌት ሲታይ ግን ኩላሊቷ የሚያጣራው በደቂቃ 37 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህም ከጤናማው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የአፒክሳባንን መጠን ለመቀነስም አንድ ምልክት ብቻ አይበቃም። ዕድሜ 80 እና ከዚያ በላይ፣ ክብደት 60 ኪሎና ከዚያ በታች፣ ክሬአቲኒን 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሚሉት ሦስት ውስጥ ሁለቱ መሟላት አለባቸው። በኢትዮጵያ 60 ኪሎ የማይሞላ ሰው ብዙ ነው፤ ክብደትን ብቻ አይቶ መጠን መቀነስ ግን ሕመምተኛውን ለስትሮክ ያጋልጣል።

ፕሌትሌትና ጉበት

ፕሌትሌት ቁስልን በመጀመሪያ የሚደፍን የደም ክፍል ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መድማት ይቀላል። ጉበት ደግሞ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች የሚዘጋጁበት ቦታ ስለሆነ ሲታመም ዋርፋሪን ሳይወሰድም አይ ኤን አር ሊጨምር ይችላል። በኢትዮጵያ ሄፓታይተስ ቢ እና ቢልሃርዝያ የጉበትን የደም ዝውውር ከሚያውኩት በሽታዎች መካከል ናቸው። በዚህ ምክንያት በጉሮሮ ቱቦ ያበጡ ደም ሥሮች ሲፈነዱ የሚመጣው መድማት ከባድ ነው። ስለዚህ የፕሌትሌት ማነስና የጣፊያ ማበጥ አብረው የታዩበት ሰው ደም ማቅጠኛ ከመጀመሩ በፊት በሐኪም በደንብ መመርመር አለበት።

አዳዲስ ጠቋሚዎች

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ በይበልጥ የሚታወቀው ለድንገተኛ የልብ ሕመም ምርመራ ነው። ጂ ዲ ኤፍ 15 ደግሞ ሕዋሳት በእርጅና፣ በብግነትና በኦክስጅን እጥረት ሲጨነቁ የሚያመነጩት ፕሮቲን ነው። ሁለቱም በቀጥታ ስለ ደም መርጋት አይናገሩም። መድማትን የሚጠቁሙት የሰውነትን አጠቃላይ ድካም፣ በመዝገብ ላይ ያልተጻፈ በሽታን ጭምር፣ ስለሚያንጸባርቁ ነው። ጂ ዲ ኤፍ 15 በበለጸጉት አገሮች እንኳ የዘወትር ምርመራ አይደለም።

የነጥብ መለኪያዎች

ሐኪሞች ጠቋሚዎችን ከሌሎች መረጃዎች ጋር ደምረው ነጥብ ይሰጣሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃዝ-ብሌድ ለደም ግፊት፣ ለኩላሊትና ለጉበት ሕመም፣ ለቀድሞ ስትሮክ፣ ለቀድሞ መድማት፣ ለተለዋዋጭ አይ ኤን አር፣ ከ65 ዓመት ለበለጠ ዕድሜ፣ መድማትን ለሚያባብሱ መድኃኒቶችና ለአልኮል ነጥብ ይሰጣል። ጣሪያው 9 ሲሆን 3 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ይባላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦርቢት አምስት ጥያቄ ብቻ አለው፦ ለዝቅተኛ ሄሞግሎቢን 2፣ ለቀድሞ መድማት 2፣ ከ74 ዓመት ለበለጠ ዕድሜ 1፣ ለኩላሊት ድካም 1፣ አስፕሪንን ለመሰለ የፕሌትሌት መድኃኒት 1 ነጥብ ይሰጣል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የቀረበው ኤቢሲ የተባለው መለኪያ በደም ጠቋሚዎች ላይ ያተኮረ ነው። የሚጠይቀው ዕድሜን፣ ሦስት ጠቋሚዎችን፣ ማለትም ሄሞግሎቢንን፣ ትሮፖኒንንና ጂ ዲ ኤፍ 15ን፣ እንዲሁም ቀድሞ የደረሰ መድማትን ነው። በ14,537 ሕሙማን መረጃ ተሠርቶ በሌላ ጥናት ባሉ 8,468 ሕሙማን ተፈትኗል። የመለየት ችሎታ በሚለካበት ሚዛን 0.5 ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም፤ 1.0 ደግሞ ፍጹም ነው። በፈተናው ኤቢሲ 0.71፣ ኦርቢት 0.68፣ ሃዝ-ብሌድ 0.62 አግኝተዋል። ከቁጥሮቹ ሁለት ነገር ይታያል። አዲሶቹ ጠቋሚዎች ግምቱን ያሻሽላሉ፤ ነገር ግን በሄሞግሎቢን ላይ የተመሠረተው ቀላሉ ኦርቢት ከእነርሱ ብዙ አይርቅም። በኋላም በስዊድን በኤቢሲ ነጥብ ተመርቶ ሕክምና መምረጥ ከተለመደው አሠራር ጋር ሲነጻጸር ስትሮክንና ሞትን እንዳልቀነሰ ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት አሳይቷል።

በኢትዮጵያ

መለኪያዎቹ የተሠሩት በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ 70 ዓመት በሚጠጋ ሕሙማን ላይ ነው። ኤቢሲ የተሠራባቸው ጥናቶች የጠበበ ሚትራል በር ያለባቸውን ሰዎች አያካትቱም። በኢትዮጵያ ግን ዋርፋሪን ከሚወስዱት መካከል ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ምክንያቱ ደግሞ በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ወይም የቶንሲል ሕመም በኋላ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን የተካሄደውና በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ሬመዲ የተባለው ጥናት 3,343 ሕሙማንን መዝግቧል። የሕሙማኑ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ነበር፤ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ነበሩ፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነበረበት። ደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው ውስጥ አይ ኤን አራቸው በሚፈለገው ክልል የተገኘው 28.3 በመቶው ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዋርፋሪን ተመላላሽ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ቁጥጥሩ ከሚፈለገው እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ለምሳሌ የ28 ዓመት ሴት፣ ሚትራል በሯ የጠበበ፣ የወር አበባዋ ዋርፋሪን ከጀመረች ወዲህ የበዛባት፣ ሄሞግሎቢኗ 9 የሆነ ብትሆን፣ በሃዝ-ብሌድ ነጥቧ ከዜሮ ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ መለኪያው ስለ ወር አበባ አይጠይቅምና። ሄሞግሎቢኗ ግን እውነቱን ይናገራል። እንዲህ ላሉት ሕሙማን የብረት ማዕድን ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን መለካቱ፣ የብረት እንክብል መስጠቱና የወር አበባው መብዛት መታከሙ ስጋቱን ይቀንሳል። ዋርፋሪን በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት።

በአገሪቱ የልብ ቀዶ ሕክምና እንዲጀመር ትልቅ ሚና የነበረው በዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ሲሆን፣ የልብ ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2009 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። የብረት በር የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ስለሚወስድ ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ቢደረግም ክትትሉ የሚቀጥለው ሕመምተኛው በሚኖርበት አካባቢ ነው።

በሰሜን ሸዋ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቀድሞዋ የሸዋ መናገሻ አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ጠርዝ ላይ ናት፤ ከእርሷ በታች አልዩ አምባና ቆላው ይዘረጋሉ። ከጣርማ በር ባሻገር በደሴ መንገድ ያለችው ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከ1,300 ሜትር አትበልጥም። በአንድ ዞን ውስጥ ያለው ይህ የከፍታ ልዩነት የሄሞግሎቢንን አነባበብ ይነካል።

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ሳስቶ ኦክስጅን ስለሚያንስ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን ያመርታል። የዓለም የጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ሠንጠረዥ መሠረት በ2,500 ሜትር ላይ ከተለካው ቁጥር 1.3፣ በ3,000 ሜትር ላይ 1.9 ግራም ይቀነሳል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ሠንጠረዡ ተሻሽሏል። በዚህ ስሌት ደብረ ብርሃን ላይ 13.5 የተለካ ወንድ ከ13 በላይ ስለሆነ ጤናማ ቢመስልም፣ ከፍታው ሲቀነስ ከ12 በታች ወርዶ የደም ማነስ ያለበት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ለኢትዮጵያ ደጋ ሰው በልኩ ላይገጥም ይችላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ተወላጆችን መርምሮ፣ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ አግኝቷል። ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ የማይለይ ነው፤ በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩት የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ሰዎች ግን ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን አላቸው። የደብረ ብርሃን ሰው ሄሞግሎቢን በከፍታው የተነሣ ሠንጠረዡ የሚለውን ያህል ካልጨመረ፣ ሙሉውን መቀነስ ጤነኛውን የደም ማነስ አለበት ሊያሰኝ ይችላል። ምንም አለመቀነስ ደግሞ ሕመምተኛውን ጤነኛ ሊያሰኝ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ባለ አካባቢ ከድንበሩ ይልቅ የሕመምተኛው የራሱ የቀድሞ ቁጥር ይበልጥ አስተማማኝ መነሻ ነው። ደም ማቅጠኛ ሲጀመር 15.5 የነበረ ሰው ከስድስት ወር በኋላ 13.4 ከሆነ ከፍታው ካልተቀነሰ የደም ማነስ የለበትም ሊባል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከ2 ግራም በላይ ወርዷል፤ ከየት እንደፈሰሰ መፈለግ አለበት። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ውጤቱን በካርድ ላይ መመዝገብና ካርዱን ይዞ መምጣት ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ለሚማሩ ተማሪዎችም ይህ ጉዳይ በየዕለቱ ከሚያዩት የደም ውጤት ጋር የተያያዘ ነው።

አመጋገብ፣ ጾምና ልማድ

ዋርፋሪን ከቫይታሚን ኬ ጋር ስለሚጋጭ የአመጋገብ ለውጥ አይ ኤን አርን ይለውጣል። የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ በብዛት አላቸው። 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም ጎመን የሚያዘወትር ሰው አይ ኤን አሩ ሊወርድ ይችላል፤ ከፋሲካ በኋላ ሥጋና ቅቤ ላይ ሲያተኩር ደግሞ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ጎመንን መተው ሳይሆን መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ ማድረግና በጾም መግቢያና መውጫ አይ ኤን አርን ማስለካት ነው። መድኃኒቱም በጾም ሰበብ መቋረጥ የለበትም።

በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ከሚታዘዙ መድኃኒቶች መካከል ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል አይ ኤን አርን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ በጣም ያወርደዋል። ሪፋምፒሲን ሲያበቃ የዋርፋሪኑ መጠን ካልተቀነሰ አይ ኤን አሩ ወደ ላይ ይወጣል። አረቄና ሌላ ጠንካራ መጠጥ በብዛት መጠጣት ጉበትንና ጨጓራን ጎድቶ መድማትን ያቀርባል።

ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥና ጥርስን በልማድ ማስነቀል ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው አደገኛ ናቸው። የሩማቲክ ሕሙማን በየወሩ ገደማ የሚወስዱት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በጡንቻ ውስጥ ስለሚወጋ አይ ኤን አር ከልክ በላይ በሆነበት ጊዜ በመርፌው ቦታ ደም ሊቋጥር ይችላል። በዚህ ምክንያት ግን መርፌው መተው የለበትም፤ አይ ኤን አሩን አስቀድሞ ማወቅና የተወጋውን ቦታ ለደቂቃዎች ተጭኖ መያዝ ይረዳል።

ከፍተኛ ስጋት ሲገኝ

ከፍተኛ የመድማት ነጥብ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የስትሮክ ስጋቱም ከፍተኛ ነው፤ ዕድሜ፣ የደም ግፊትና የቀድሞ ስትሮክ ሁለቱንም ይጨምራሉና። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር መመሪያም የመድማት ነጥብን ብቻ አይቶ ደም ማቅጠኛን መከልከል ወይም ማቋረጥ እንደማይገባ ይገልጻል። ነጥቡ የሚጠይቀው ሊስተካከል የሚችለውን ማስተካከል ነው፦ የደም ግፊትን ማውረድ፣ አላስፈላጊ አስፕሪንና የሕመም ማስታገሻን ማስቆም፣ የደም ማነስን ምክንያት ፈልጎ ማከም፣ የኩላሊትን ሁኔታ አይቶ መጠን መወሰን፣ የአይ ኤን አር ቀጠሮን ማቀራረብ።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለበት እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ ደም ያለበት ትውከት፣ የማይቆም ነስር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት ሲያጋጥመው ነው። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛልና የንግግር መንተባተብ ደግሞ የስትሮክ ምልክቶች ናቸው። በዋርፋሪን የመጣን ከባድ መድማት ለማስቆም ቫይታሚን ኬ እና የደም ማርጊያ ፕሮቲኖችን የያዘ ፕላዝማ ወይም የተመረጡ ፕሮቲኖች ይሰጣሉ። የሕመምተኛው የአይ ኤን አር ካርድ አብሮት ካለ ሐኪሙ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና የመጨረሻውን ውጤት ወዲያው ስለሚያውቅ ሕክምናው ይፈጥናል።